ቀን ተረት ያወራ

አያቴ፣ እምዬ የምንላት፣ ቀን ተረት አታወራም ነበር። «ቀን ተረት ያወራ ላሙ ይጠፋበታል» ትላለች፤ እኛ አገር ይፋግ ላይ ደግሞ ላም መጥፋት እንደ ዋዛ የሚታይ ነገር አይደለም። የፎገራ ላም ናት። ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ሲተኛ፣ ከጣና ወዲህ ያለው መሬት ሁሉ ውኃና ሣር ብቻ ሲሆን፣ የጠፋች ላም ፍለጋ የወጣ እረኛ ሁለት ቀን ውሎ ሊያድር ይችላል። ስለዚህ ተረት የሚጀመረው ከብቱ ገብቶ፣ በረቱ ተዘግቶ፣ እራት ተበልቶ፣ እሳቱ ዙሪያ ከተኮለኮልን በኋላ ነው። «ተረት ተረት» ትላለች። «የላም በረት» እንላለን። በኋላ ከተማ ገብቼ ስማር፣ ይህች «በረት» ቤት ለመምታት ብቻ የገባች ቃል ናት ያለ መምህር ገጠመኝ። እጄን ለማውጣት አፍሬ ዝም አልኩ እንጂ እኛ ቤት በረቱ እውነተኛ ነበር። እምዬ «ተረት ተረት» ስትል ከግድግዳው ማዶ ላሟ ስታመሰኳ ይሰማን ነበር።

ቴሌቪዥን ያየሁት ከዚህ በኋላ ነው። ከባህር ዳር ጎንደር በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ሻይ ቤት ነበር። ባለቤቱ ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርጎ ሳንቃ ላይ አስቀምጦታል፤ ሚስቱ የሠራችውን ዳንቴል አልብሶታል። ሲመሽ ዳንቴሉን እንደ መቅደስ መጋረጃ ቀስ አድርጎ ይገልጠዋል። ሻይ መግዛት የማይችል ሕፃን ሁሉ አሥር ሳንቲም ከፍሎ መሬት ይቀመጣል። ምስሉ ላይ ብዙ ጊዜ በረዶ ይዘንባል። አንዱ ጎረምሳ ውጭ ወጥቶ አንቴናውን ያዞራል። «አሁንስ?» «ትንሽ ወደ አዲስ ዘመን!» «አሁንስ?» «አለፈ፣ አለፈ! ወደ ወረታ መልሰው!» ስንባባል ቆይተን በመጨረሻ ከበረዶው ውስጥ አንድ ፈገግታ የማይለያቸው ሽማግሌ ብቅ ይላሉ። አባባ ተስፋዬ ሳህሉ።

አንድ ምሽት እምዬ እኔን ፍለጋ መጣች። ነጠላዋን ተከናንባ በሩ ላይ ቆመች። ልትጣራ አፏን ስትከፍት አባባ ተስፋዬ «ተረት ተረት» አሉ። እምዬም ከበሩ ላይ፣ ጮክ ብላ፣ «የላም በረት!» አለች። ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔን መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። እሷ ግን ምንም አልመሰላት፤ ተረቱ እስኪያልቅ ምርጊቱን ተደግፋ ሰማች። ወደ ቤት ስንመለስ፦

«ይሄ ሰውዬ የማን ነው?»

«የአዲስ አበባ ናቸው፣ እምዬ።»

«አዝማሪ ነው?»

«ኧረ አይደሉም! ቴሌቪዥን ላይ ነው የሚሠሩት።»

«እና ድምጡን እንደ ጅብም እንደ አህያም የሚያደርግ፣ አዝማሪ ካልሆነ ማን ነው?»

ተናደድኩ። አዝማሪ በእኛ አገር ስድብ ነው። አንድ ልጅ ትምህርት ትቶ ሲያንጎራጉር ከተገኘ «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ይባላል፤ የሚመልሰው የለም። እኔ የማከብራቸውን፣ በመስኮት የሚመጡ እስኪመስለኝ በዓይኔ የምከተላቸውን ሰው እምዬ ከገበያ አዝማሪ ጋር ቆጠረቻቸው። እሷ ትክክል እንደ ነበረች የገባኝ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ይፋግ ዛሬ መኪና ሳይቆምባት የሚያልፋት ከተማ ናት። ከባህር ዳር የተነሣ ሚኒባስ ወረታ ላይ ሰው ያወርዳል፣ አዲስ ዘመን ላይ ሰው ይጭናል፤ መሐል ላይ ያለችውን ይፋግን ሹፌሩ በጥሩምባ ሰላም ብሏት ይሄዳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ከጎጃም ተነሥቶ ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ ምጽዋ የሚወጣው የሲራራ ነጋዴ እዚህ ሳይገበያይ አያልፍም። አሞሌ ጨው ከሰሜን ይወርዳል፤ ቡናና ዝባድ ከደቡብ ይወጣል። ይፋግ የጣና ምሥራቅ ዳርቻ ታላቅ ገበያ ነበረች። ነጋዴ የሚያድርበት ቦታ ደግሞ ጠላ አለ፣ ጠጅ አለ፤ ጠጅ ባለበት መሰንቆ አለ።

አዝማሪ ሥራውን ሲሠራ በደንብ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። መሰንቆው አንድ ክር ብቻ ናት፤ ከፈረስ ጭራ። አዝማሪው ግን አንድ ሰው ብቻ አይደለም። ሲገባ ዘፋኝ ነው። ጥግ ላይ የተቀመጠውን ባለ ካፖርት ሰውዬ አይቶ ሲያበቃ አወዳሽ ይሆናል። ሰውዬው ካልሰጠው ተሳዳቢ ነው፤ ስድቡም በሰምና ወርቅ ተጠቅልሎ ስለሚመጣ የተሰደበው አብሮ ይስቃል። ቀጥሎ የኬላ ጠባቂውን አረማመድ ይኮርጃል፣ የቄሱን አነጋገር፣ የባለጌ ሚስትን ቁጣ። ዘፈኑ የት እንዳለቀ ተውኔቱ የት እንደ ጀመረ ማንም አያውቅም፤ የሚጠይቅም የለም። «ዘፋኝ»፣ «ተዋናይ»፣ «ኮሜዲያን»፣ «የመድረክ መሪ» ብሎ መክፈል በደመወዝ መዝገብ የመጣ ነገር ነው። «አዝማሪ» የሚለውን ቃል ራሱን ብንመለከት ከግዕዙ «ዘመረ» የወጣ ነው፤ የመዝሙር ወንድም ነው። መዝሙሩ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ አዝማሪው ጠጅ ቤት ቀረ፤ ወንድማማቾቹ በአንድ አጥቢያ እየኖሩ ሰላም አይባባሉም።

አባባ ተስፋዬን በዚህ ዓይን ብታዩዋቸው ሕይወታቸው በሙሉ ግልጽ ይሆንላችኋል። በ1915 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ ተወለዱ። ልጅ ሳሉ ጣሊያን አገሪቱን ወረረ፤ ወላጅ አልባ ሆነው አዲስ አበባ ገቡ። ከነጻነት በኋላ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የቴአትር ቡድን ሲያቋቁም ከመጀመሪያዎቹ ተዋንያን አንዱ እሳቸው ነበሩ። እኔ አንዳንድ ጊዜ ይህን ወላጅ ማጣትና ያንን መድረክ ላይ መውጣት አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጬ አስባለሁ። በዚያ ዘመን አባት ያለው ልጅ መድረክ ላይ ልውጣ ቢል «አዝማሪ ልትሆን ነው?» የሚለው ሰው ደጁ ላይ ቆሟል። ወጣቱ ተስፋዬ ግን የሚከለክላቸው ሰው አልነበረም። መራር ነጻነት ነው፤ ግን ነጻነት ነው። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ እሳቸው ቢሰሙኝ ምናልባት ሳቅ ብለው ያልፉኝ ነበር።

ያ ቡድን ሴት ተዋናይ አልነበረውም። የሰው ልጅ የሆነች ሴት መድረክ ላይ ቆማ ሰው ሲያያት እንዴት ይሆናል! ስለዚህ ሴት የሚሆኑት አባባ ተስፋዬ ነበሩ። ቀሚስ ለብሰው፣ ድምፃቸውን ቀጠን አድርገው፣ እንደ እመቤት ይራመዳሉ። ይዘፍናሉም፣ የሙዚቃ መሣሪያም ይጫወታሉ፤ ምትሃት ማሳየትም ተማሩ፤ እጃቸው ላይ የነበረው ሳንቲም እናንተ ኪስ ውስጥ ይገኛል። በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ሲዘምት እሳቸውም ወታደሩን ለማዝናናት አብረው ሄዱ። በየተራው ወደ ኮሪያ ከዘመቱት ከ6 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን መካከል ከ120 በላይ የሚሆኑት እዚያው ወድቀዋል። ነገ ኮረብታ ላይ ለሚወጣ ወታደር ዛሬ ማታ ማሳቅ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ሳስበው፣ ከጦር ጋር ከሚዘምተው የጥንቱ አዝማሪ ሌላ የሚመስለው አላገኘሁም። አዝማሪም ከሠራዊቱ ጋር ይዘምት ነበር፤ ፈሪውን በስንኝ እየወጋ፣ ጀግናውን እያሞገሰ።

በ1948 ዓ.ም. ለንጉሡ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ፤ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር። የመክፈቻው ተውኔት የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። አባባ ተስፋዬም ወደዚያ ቤት ገቡ። በዚያ ቤት ተዋናይና ዘፋኝ መለየት ከባድ ነበር። አስናቀች ወርቁን አስቡ። ክራሯን ይዛ ስትወጣ ዘፋኝ ናት፣ ክራሯን ስታስቀምጥ ተዋናይ ናት፤ ሁለቱንም ስትሆን ያያት ሰው አንዱን ከአንዱ ሊያበላልጥ አይችልም። በየጋዜጣችን ዛሬ ስማቸው ፊት «አርቲስት» የማይለጠፍላቸው ሰዎች ማግኘት ተቸግረናል፤ አንድ ዘፈን ያወጣ አርቲስት ነው፣ በአንድ ፊልም ላይ ሻይ ያቀረበ አርቲስት ነው። ተስፋዬ ሳህሉ ይህ ማዕረግ አልያዘላቸውም። ሕፃናቱ ቀድመው «አባባ» ብለዋቸዋልና ሌላው ስም የሚገባበት ቦታ አጣ።

ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያው ስቱዲዮ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀለም የመጣው ከ20 ዓመት በኋላ። የልጆች ፕሮግራም ሲያስፈልግ አባባ ተስፋዬ ተጠሩ። እዚህ ላይ አንድ ስሌት ሠራሁ፤ እኔ በቁጥር የምደነቅ ሰው አይደለሁም፣ ይህ ግን አስደነቀኝ። ሲጀምሩ ዕድሜያቸው ወደ 42 ነበር። በልጆች ፕሮግራም ላይ የቆዩት 42 ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የቀራቸው 10 ዓመት። አገር ሁሉ የሚያውቃቸው በመሐለኛው 42 ነው። የመጀመሪያው 42፣ ማለትም ሴት ሆኖ መጫወቱ፣ ኮሪያው፣ ምትሃቱ፣ ዘፈኑ፣ ለመሐለኛው ስንቅ ሆኖ እንደ ተበላ ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ሰው በ42 ዓመቱ «አባባ» ተብሎ ሲጠራ ያለ ምክንያት አይደለም። ሽምግልናውን ራሱን ተጫውተውታል፤ ዕድሜ ኋላ ደርሶ እስኪያገኛቸው ድረስ።

ደግሞ ያን 42 ዓመት በምን ዘመን ላይ እንዳሳለፉት እዩ። ንጉሡ ሄዱ፣ ደርግ መጣ። ደርግ ሄደ፣ ኢሕአዴግ መጣ። የዜናው መግቢያ ሙዚቃ ተለወጠ፣ የአንባቢዎቹ አለባበስ ተለወጠ፣ ከጀርባቸው የሚሰቀለው ሥዕል ተለወጠ። ጅቡና አህያዋ ግን በየዘመኑ እየመጡ ጉዳያቸውን ያሰማሉ። እንዴት አለፉ? አንዱ መልስ ተረት ማንንም አይነካም የሚል ነው። ይህን የሚል ሰው ተረት ሰምቶ አያውቅም።

የዘመናዊ ቴአትራችን አጀማመር የሚያሳየን ተቃራኒውን ነው። በአማርኛ የመጀመሪያው የሚባለው ተውኔት በ1913 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ታየ። ደራሲው ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ ሩሲያ ተምረው የመጡ ሰው። ርእሱ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»። ሰው የለበትም፤ አውሬዎች ብቻ ናቸው የሚነጋገሩት። ከመኳንንቱ መካከል ግን እነዚያ አውሬዎች እነማን እንደሆኑ ያልገባው አልነበረም፤ ንግሥት ዘውዲቱም ከለከሉት። እንግዲህ የዚህ አገር ቴአትር የተወለደው በተረት ነው፣ የታፈነውም በዚያው ተረት ነው። ከ40 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ያው ተረት በቴሌቪዥን ተመልሶ መጣ፤ አሁን ግን ሕፃናት መሐል ተቀምጦ። ሕፃናት ያሉበት ቦታ ማን ይጠረጥራል?

የውጭ ሰው ለንጽጽር ካስፈለገ አሜሪካዊው ፍሬድ ሮጀርስ አሉ። እሳቸውም ሙዚቀኛ ናቸው፤ የፕሮግራማቸውን ዘፈን ራሳቸው ይደርሱ ነበር። በየዕለቱ ከውጭ ገብተው ኮታቸውን በሹራብ፣ ጫማቸውን በሸራ ጫማ ይቀይራሉ። ከ1968 እስከ 2001 በፈረንጆች አቆጣጠር በአገር አቀፍ ደረጃ ታዩ። አባባ ተስፋዬ ቀድመዋቸው ጀምረዋል፣ ከሳቸውም ቆይተው አቁመዋል። የሚለዩበት ነገር ግን ከዓመቱ ይልቅ አቀማመጡ ነው። ሮጀርስ ቀጥታ መስታወቱን እያዩ፣ ከመስታወቱ ማዶ ላለው ለአንድ ልጅ ብቻ ያወራሉ። አባባ ተስፋዬ ግን ስቱዲዮው ውስጥ ልጆች ከበዋቸዋል፤ ከእነሱ ጋር ነው ጨዋታው። ልጆቹም እየተነሡ የየራሳቸውን ተረት ይናገራሉ። እኛ ይፋግ ያለነው ዘግይቶ እንደ መጣ ጎረቤት በበር ነው የምናየው። አያቴ በር ላይ ቆማ የመለሰችው ለዚህ ይመስለኛል። የተከበበ እሳት አየች፤ እሳት ዙሪያ የተቀመጠ ሁሉ ደግሞ መመለስ አለበት።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር እገባለሁ። በ1999 ዓ.ም. ገደማ፣ በፕሮግራሙ ላይ በተነገረ አንድ ተረት ሰበብ፣ አባባ ተስፋዬ ከጣቢያው ተሰናበቱ። ተረቱ ወገን ይሰድባል ተባለ። ያኔ ዕድሜያቸው 84 ደርሷል። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ «በተረት!» እያለ ተገረመ፤ እኔም አብሬ ተገረምኩ። «ሽማግሌውን በአንድ ተረት!» ብለን ስንት ቡና ጠጣን።

ዛሬ ግን ግርምቴን እንደገና እያየሁት ነው። የእምዬ ተረቶች ውስጥ የነበረውን አስታውሳለሁና። ቀን ብረት ሲቀጠቅጥ ውሎ ሌሊት ጅብ የሚሆን ሰው ነበር። ጅቡን በጦር ይወጉታል፤ በነጋታው ያ ቀጥቃጭ ጎኑን ይዞ ሲያነክስ ይገኛል። እኛ ልጆቹ እየተንቀጠቀጥን ወደ እሷ እንጠጋለን፤ ያ መጠጋት እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ያ ቀጥቃጭ ስም ነበረው። በሊቦም፣ በበለሳም፣ በወገራም፣ በደምቢያም ከእኛ ጋር የኖሩ፣ ማረሻችንን የሠሩልን፣ ገንቦና ምጣዳችንን የሠሩልን ቤተ እስራኤል ነበሩ። እኛ በሞቃቱ ቤታችን የምናጣጥመው ተረት እነሱን ቡዳ አሰኝቶ ገበያ ላይ ዓይናቸውን እንዲሰብሩ አድርጓል። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በሁለት ቀን ውስጥ ከእነሱ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተሳፍሮ ወደ እስራኤል ሲሄድ ያ ተረት አብሮ አልተሳፈረም፤ እኛ ጋር ቀርቷል። አያቴን እወዳታለሁ። ክፉ ሴት አልነበረችም። ተረቱን እንደ ተቀበለችው አቀበለችን፣ በቃ።

ስለዚህ አንድ ሰው ተነሥቶ «ይህ ተረት ይሰድበኛል» ቢል፣ ጆሮ የሚሰጠው ባለሥልጣን ሞኝ ነው አልልም። ሞኝነቱ ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ነው። ተረት የሚወቀሰው በሌላ ተረት ነው፤ አዝማሪን የሚመልሰው ሌላ አዝማሪ እንደሆነው። ያን ተረት በሚቀጥለው ሳምንት ልጆቹ ፊት አቅርቦ «ይህን እንዴት አያችሁት? ጅቡ ምን ይላል? አህያዋስ?» ብሎ መጠየቅ ከአባባ ተስፋዬ በላይ የሚችል ሰው በዚህች አገር አልነበረም። 84 ዓመት የሞላውን፣ ሦስት መንግሥት ያየውን፣ ሕፃናትን ማናገር የሚችለውን ሰው አሰናብቶ ጥፋቱን ያስወገደ መስሎ መታየት፣ ጅብ ነው ብሎ የጎረቤትን ቀጥቃጭ ከማሳደድ ብዙ አይርቅም። በዚያው በ1999 ዓ.ም. «ጸሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የአሻንጉሊት ቀጭኔዋ ፕሮግራም በቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። ጥሩ ፕሮግራም ነው፤ ልጆች ወደዱት፣ እጅ መታጠብን ተማሩበት። ግን አሻንጉሊት እሳት ዳር አይቀመጥም፤ ያረጀ ጉሮሮ የለውም።

ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. አባባ ተስፋዬ በ94 ዓመታቸው አረፉ። ያን ሰሞን ያለቀሰው ሰው ዕድሜ ሲታይ ይገርም ነበር። የ60 ዓመት ሰው ያለቅሳል፣ ልጁ ያለቅሳል፣ የልጅ ልጁ ግን ማን እንደሞተ ይጠይቃል። እኔ ያኔ ባህር ዳር ነበርኩ። ጣና ዳር ካለ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ ሦስት ሰዎች፣ አንዱ ባንክ የሚሠራ፣ አንዱ ታንኳ የሚያከራይ፣ አንዱ መምህር፣ ልብሳቸውም ኑሯቸውም የማይገናኝ፣ የጅቡን ድምፅ ማን ይበልጥ አስመስሎ እንደሚያወጣ ሲፎካከሩ ሰማሁ። አሸናፊው ታንኳ አከራዩ ነው። አስተናጋጇ ደንግጣ መጥታ «ምን ሆናችሁ?» አለቻቸው።

ሀዘኑ ላይ ብዙ ሰው ስለ ደግነታቸው፣ ስለ ትሕትናቸው ተናገረ። ስለ ሙያቸው የተናገረ ሲበዛ ጥቂት ነው። እኔ ደግሞ የምቆጨው በእሱ ነው። ተረት መናገር ሙያ ነው። ድምፅን መቼ ዝቅ እንደሚያደርጉ፣ አህያዋ ከመናገሯ በፊት ምን ያህል ዝም እንደሚሉ፣ ዓይናቸውን ወደ የትኛው ልጅ እንደሚልኩ፣ ይህ ሁሉ ከማዘጋጃ ቤት መድረክ፣ ከኮሪያ ድንኳን፣ ከብሔራዊ ቴአትር የመጣ ነው። ዘፋኝ ስለነበሩ ምትን ያውቃሉ። ሴት ሆነው ስለተጫወቱ የጦጣው ሚስት ስትቆጣ ማን እንደምትመስል ያውቃሉ። ምትሃተኛ ስለነበሩ ተመልካች የት እንዲያይ እንደሚፈልጉ፣ የት እንዳያይ እንደሚፈልጉ ያውቃሉ። ጎንደር አጠገብ ቡርቧክስ የሚባል የአዝማሪዎች መንደር አለ፤ እዚያ ልጅ ከአባቱ መሰንቆ ሥር ነው የሚያድገው፣ ከመናገሩ በፊት ሲኮርጅ ይገኛል። ለቴሌቪዥኑ ተረት ነጋሪ ግን መንደር አልተሠራለትም። አንድ ሰው ነበሩ፣ ሄዱ።

ባለፈው ገና ይፋግ ሄጄ ነበር። አያቴ ከሞተች ቆይታለች። የሻይ ቤቱ ቦታ ዛሬ የሞባይል ካርድና የሲሚንቶ መሸጫ ሆኗል፤ ዳንቴሉ የት እንደ ደረሰ የሚያውቅ የለም። ሜዳው በግማሹ ሩዝ ነው፤ ሣሩ ሲጠብ ከብቱም ጠበበ። የእኅቴ ልጅ 6 ዓመቷ ነው። ስልኬን ወስዳ ስትነካካ ቆይታ አንድ አሮጌ ቪዲዮ ላይ ወደቀች። የተበላሸ ምስል፣ ያው የበረዶ ዝናብ፣ ያው ሽማግሌ።

«ተረት ተረት» አሉ።

ኔትወርኩ ተያዘ። ክቧ ምልክት መዞር ጀመረች። ልጅቷ ጠበቀች። እኅቴ ከማጀት ሆና ምጣዱን እያሰሰች፣ ሳታየን፣ ከልምድ ብቻ፣ «የላም በረት» አለች። ልጅቷ ቀና ብላ ወደ ማጀት አየች፣ ወደ ስልኩ አየች። ኔትወርኩ ሲመለስ ሽማግሌው ወደ ተረቱ ገብተው ነበር።

«አለፈኝ» አለች። በትንሿ ጣቷ ወደ ኋላ ሳበችው፣ እንደገና «ተረት ተረት» እስኪሉ አፏን ከፍታ ጠበቀች።